የደንቆሮዎቹ ቤት

«ይሄ ባቲስታ እኔ ነኝ?» አሉ የዶሪና አያት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዘር ሐረግ ግርጌ ስማቸውን በጣታቸው ነክተው።

ዶሪና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሐረጉን የሣለችው እሷ ናት። አናቱ ላይ ትልቅ ኮከብ አለ፤ ከኮከቡ ሥር የጠመንጃ ሠሪዎች ስም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። አያቷ ጣታቸውን ወደ ላይ እየገፉ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አንዳቸውም ዘመዳቸው አልነበረም።

የተማሪዎቹ ሥራ ለወላጆች ወደሚታይበት አዳራሽ እንዲመጡ አልፈለገችም ነበር። እናቷ ናት «ዶሪና ስለ ቤተሰባችን ሠርታለች» ብላ ጆሯቸው ሥር የጮኸችው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቀራቸው? ጢማቸውን ተላጭተው፣ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው ከሁሉም ቀድመው ደረሱ።

በጠመንጃ ሥራ በምትታወቀው የጣሊያን ከተማ፣ ጋርዶኔ ውስጥ፣ የግማሹ ሰው የቤተሰብ ስም ቦሴሊ ነው። ዳቦ ጋጋሪውም ቦሴሊ፣ ቄሱም ቦሴሊ። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ በቅጽል ስም ይለያል። «ኮከቦቹ» የሚባሉት ቦሴሊዎች በሠሩት የጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ሁሉ የኮከብ ምልክት ይመቱ ነበር፤ ጠመንጃቸው ዛሬም ከተማው ሙዚየም ውስጥ ይታያል። የዶሪና ቤት ስም ደግሞ «ደንቆሮዎቹ» ነው።

መምህርት ፋውስታ ክፍል ውስጥ «የየትኞቹ ቦሴሊ ነሽ?» ብላ ስትጠይቃት ኢላሪያ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ኢላሪያ ጓደኛዋ ናት፤ ግን አፏ አያርፍም። ያንን ስም ብትሰማ ዓመቱን ሙሉ መጫወቻ ታደርጋታለች። «የኮከቦቹ» አለች ዶሪና። ኮከቦቹ ድሮ ወደ ሚላኖ ሄደው ዘራቸው ከከተማው ጠፍቷል፤ መጥቶ የሚሟገታት የለም። ስሞቹን ከሙዚየሙ ገልብጣ የአያቷን ስም ከሥራቸው ቀጠለችበት።

«ሲኞር ባቲስታ፣ የኮከቦቹ ልጅ መሆንዎን እኮ አላውቅም ነበር» አለች መምህርቷ ወደ እነሱ መጥታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አያቷ መጀመሪያ ዶሪናን፣ ቀጥሎ መምህርቷን አዩ። ከዚያ ጆሯቸውን በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው «አይሰማኝም ልጄ፣ ይቅርታ» አሉና ፈገግ አሉ።

ሰምተዋል። ዶሪና እንደዚያ ጮክ ብለው ሲያናግሯቸው እንደሚሰሙ ታውቃለች። ገመናዋን ሸፈኑላት፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈራት።

ውጭ፣ ከአዳራሹ ደረጃ ሥር ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ኮከቦቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ» አሉ። «የኛ አይደሉም እንጂ። አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

አታውቅም።

«አፈሙዝ ከመሸጡ በፊት እጥፍ ባሩድ ጎርሶ ይተኮሳል። የሚፈነዳ ከሆነ እዚሁ ይፈንዳ ነው ነገሩ። የሚተኩሰው አባቴ ነበር፣ ከሱ በፊት አባቱ፣ በኋላም እኔ። እኛ ሳንተኩሰው ማንም ኮከቡን አይመታበትም። ጆሯችንን የበላው እሱ ነው።» የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። «እኔማ ቅጽል ስማችንን ስጠራው ኮርቼ ነበር የምጠራው።»

ዶሪና ዕድሜዋን ሙሉ ቅጽል ስሙን ስድብ አድርጋ ስታስበው ኖራለች። እራት ላይ አያቷ ወሬ ሲጀምሩ መጮህ ስለሚሰለቻት አንገቷን ነቅንቃ ታልፋቸው ነበር። ስም ፍለጋ ሙዚየም ድረስ ሄደች፤ እሳቸው ግን የሚኖሩት እዚያው ቤት፣ ከሷ ክፍል በላይ ነው። ስንት ምሽት እንዲሁ አለፈ!

«አጥፍቻለሁ፣ አባባ» አለች ቀስ ብላ።

«እ?»

ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል። ኢላሪያ ከእናቷ ጋር ቆማለች፣ መምህርት ፋውስታም በሩ ጋ ናት። ቤት ወስዳቸው፣ በሩን ዘግታ፣ የፈለገችውን ያህል መጮህ ትችላለች። አያቷ ግን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጥተዋት ይጠብቃሉ።

«ዋሽቻለሁ፣ አባባ» አለች፣ ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ እስኪሰማ። «እኛ ደንቆሮዎቹ ነን።»

ኢላሪያ ዞር አለች። የሆነ ሰው ሳቀ። ዶሪና ፊቷ ቢግልም ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«የአባትዎን ስም አላውቀውም። ማን ነበር?»

አያቷ ቀና አሉ። እሳቸውም እየጮሁ ነገሯት።