አስራ ዘጠኝ ለባዶ

ቡጢኛው ኤልሻዳይ ሞቶ የተገኘው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር በሚገኘው የእህቱ አፓርታማ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። ዕድሜው ገና ሃያ አራት ነው። አስራ ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ አስራ ዘጠኙንም አሸንፏል፤ ከአስራ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ዱባይ ሄዶ የዕድሜ ልክ እንጀራውን በአንድ ግጥሚያ ሊያገኝ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙቲንዳ ሐበሻ ያለበት ጉዳይ በገጠመው ቁጥር እንደሚያደርገው ለሐሊና ደወለላት። ሐሊና በናይሮቢ ፍርድ ቤቶች ሃያ ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርታለች። የሌላውን ሰው ውሸት ሃያ ዓመት በገዛ አፍ መናገር ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ፤ ውሸት ከምን ከምን እንደሚሠራ ያስተምራል። ፖሊሶቹ ለትርጉም ጠርተዋት ብዙ ጊዜ መልሱንም ከእሷ ይዘው ይሄዱ ነበር።

ስትደርስ ሟች መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በአንሶላ ተሸፍኗል። ታላቅ እህቱ አስናቀች ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ፀጉር ቤት እየሠራች ያሳደገችው እሷ ናት። አላለቀሰችም። የገባውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ ወንድሜ እንዴት ሞተ?

መልሱን የሰጠው የኤልሻዳይ ማናጀር ገብረመድህን ነው። ዌስትላንድስ ትልቅ ምግብ ቤት፣ የሀብታም ሰፈር በሆነው ሩንዳ ደግሞ የራሱ ጉድጓድ ውሃ ያለው ግቢ ያለው ሰው ነው። ልጁን ከድል ወደ ድል ያደረሰው እሱ ነው፤ እንዴት እንዳደረሰው ትንሽ ቆይተን እናያለን።

«ስምንት ሰዓት ላይ ልጠይቀው መጣሁ» አለ፤ «በሩን ሳይቆልፍ ሻወር ገብቷል። ብጠራው ዝም አለኝ። ገብቼ የሚፈሰውን ሻወር በገዛ እጄ ዘጋሁት። አንሸራቶት ነው፤ ግንባሩን ተመልከቱት።»

ሐሊና ቃል በቃል ተረጎመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንሶላውን ገለጠች። ወለሉ እርጥብ ነው። ግንባሩ ላይ እብጠት አለ። በእጅ አንጓዎቹና በጣቶቹ መሃል ግን የፕላስተር ሙጫ ተጣብቋል። በሳሙና ታጥቦ የወጣ እጅ እንዲህ አይሆንም።

እጇን ልትታጠብ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ብትከፍተው አየር ብቻ ተፋ።

«ውሃ የለም እኮ፣ እትዬ ሐሊና» አለች አስናቀች ከሳሎን፤ «እኛ ሕንፃ ሰኞና ረቡዕ ብቻ ነው የሚመጣው። ከትናንት ጀምሮ ታንከሩ ደርቋል። ሻወር ቤት በባልዲ አስቀምጬ ነበር።»

ባልዲው ባዶ ነበር። ሐሊና ስትወጣ የግቢውን ዘበኛ በስዋሂሊ ሰላም ብላ መዝገቡን እንዲያሳያት ለመነችው። በናይሮቢ አፓርታማ በር መኪና ሳይመዘገብ አያልፍም፤ ዘመድም ቢሆን፣ ባለሀብትም ቢሆን። የገብረመድህን መኪና የገባችው ስምንት ሰዓት ላይ አይደለም። አምስት ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ ኤልሻዳይ ይሠለጥን ወደነበረበት ጂም ሄደች። አሠልጣኙ ዑቕባዝጊ አማርኛውን በወጣትነቱ አዲስ አበባ፣ በጦር ሠራዊቱ የቦክስ ቡድን ውስጥ የተማረ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነው። ልጁ ጠዋት ገመድ ዘሎ ብቻ እንደሄደ ነገራት። እያወራ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ለልምምድ እጅ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ደረቅ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ግን በመቀስ የተቆረጠ ፋሻና ፕላስተር አለ። ቆጠረችው፤ የአራት እጅ ነው።

«ጋሽ ዑቕባዝጊ፣ ፋሻና ፕላስተር መቼ ነው የምትጠቀሙት?»

«ግጥሚያ ሲኖር» አለ፤ ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባው።

ግድግዳው በኤልሻዳይ ድሎች ፎቶ ተሞልቷል። ሐሊና የቆመውን ትታ የወደቁትን አየች። በሦስት ፎቶዎች ላይ የወደቀው ሰው ሦስት የተለያየ ስም ተጽፎለታል፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ግን አንድ ነው። ያው ጠባሳ ያለበት ሰው ጓሮ ተቀምጦ ያበጠ ቀኝ እጁን በረዶ ውስጥ ነክሮ ነበር። አድነው ይባላል። ተከፍሎት መውደቅ ሥራው ነው።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ የሁሉንም ቃል ሊቀበል አስናቀች ቤት መጣ፤ ገብረመድህንም፣ ሐሊና ያስጠራቻቸው ዑቕባዝጊና አድነውም ተገኝተዋል። አስከሬኑ የሚለቀቀው ወረቀቱ ሲፈረም ነው። ሐሊና ጥቂት ነገር ልጠይቃቸው ብላ አስፈቀደችው፤ እሱም ብዕሩን አስቀምጦ ወንበሩን ደገፍ አለ። አንድም ቃል በማይገባው ፖሊስ ፊት ነገሩ በአማርኛ ተፈታ።

«አቶ ገብረመድህን፣ ሻወሩን ዘጋሁት ብለዋል» አለች። «በዚህ ቤት ቅዳሜ ሻወር አይፈስም። እዚህ የሚኖር ሰው ይሄን አይሳሳትም፤ ሩንዳ የሚኖር ይሳሳታል። ወለሉን ያረጠበው የአስናቀች ባልዲ ነው። የኤልሻዳይ እጅ ላይ ሙጫ ነበር፤ ስለዚህ አልታጠበም። ያ ሙጫ የግጥሚያ ፕላስተር ነው፤ ጂም ውስጥ የሁለት ሰው ፋሻ ተቆርጦ ተጥሏል። ስለዚህ ጠዋት ሰው መትቶታል። እርስዎ ደግሞ የገቡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚህ ምን ሠሩ?»

ከገብረመድህን ቀድሞ የተናገረው አድነው ነበር።

«ለምኖኝ ነው» አለ ወደ አስናቀች ዞሮ። «ፎቶዎቹን አይቶ ደረሰብኝ። 'በእውነት ምታኝ፤ ዱባይ ሄጄ ከማውቀው እዚህ ልወቀው' አለኝ። አራተኛው ዙር ላይ መታሁት። ራሱን መከላከል አያውቅም፣ እህቴ። ማን ያስተምረው? ሁላችንም በገብረመድህን ገንዘብ እየወደቅንለት።»

ዑቕባዝጊ ቀጠለ። ልጁ ተነስቶ መንገዳገድ ሲጀምር ታክሲ ጠርተው ወደ ሆስፒታል ይዘውት ሲሄዱ፣ ለገብረመድህን ደወለለት። እሱም መንገድ ላይ ጠብቆ «የእኔ ሐኪም ያየዋል» ብሎ ተረከባቸው። ሽማግሌው አመነው። 

«ሐኪም ቢያየው ወረቀቱ ለቦክስ ኮሚሽን ይደርሳል፤ ዱባይ ይቀራል» አለ ገብረመድህን በመጨረሻ። «ቢተኛ የሚሻለው መስሎኝ ነው። ያንኮራፋ ነበር። ትንፋሹ ሲጠፋብኝ ይነቃል ብዬ ሻወር ቤት ወስጄ ውሃ ደፋሁበት።»

«ለስንት ሰዓት አንኮራፋ?» አለች አስናቀች።

«ሦስት ሰዓት ያህል።»

ያ እንቅልፍ አልነበረም፤ የተመታ ጭንቅላት ጣር ነበር። እሷ በዚያ ሰዓት ሁለት ፌርማታ ርቃ የሰው ፀጉር ትሠራ ነበር። አንድ ስልክ ቢደወልላት በሩጫም ትደርስ ነበር።

«ጥፋቴን አልክድም» አለ ሰውየው፤ ድምፁ የምግብ ቤት ደንበኛ የሚያናግር ያህል የተረጋጋ ነው። «የመታው ግን የእኔ እጅ አይደለም። ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን መታው ብሎ ነው። እኔ ጠበቃ አለኝ። አድነው ምን አለው? የስደተኛ ወረቀቱ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አነሳ። «ምን እያሉ ነው?» አለ በእንግሊዝኛ።

«አንድ ደቂቃ» አለች ሐሊና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠራ፤ ይኸው። የጠራው እውነት ግን ምን እንደሚያደርጉበት ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አስናቀች ዓይኗን ሐሊና ላይ ተከለች። «እትዬ ሐሊና፣ አንቺ ፍርድ ቤቱን ታውቂዋለሽ። ይሄን ሁሉ ብትነግሪው ዛሬ ማን ይታሰራል?»

«አድነው።»

«እሱስ?» ገብረመድህንን በስሙ አልጠራችውም።

«ይጠየቃል። ጠበቃው ሁለት ሦስት ዓመት ቀጠሮ ያስቀጥራል። ከዚያ በኋላ...» ሐሊና አልጨረሰችውም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚያልቅ ብዙ ጊዜ በገዛ አፏ ተርጉማለች።

አድነው ከወንበሩ ተነሳ። «ንገሪው፤ እኔ እታሰራለሁ» አለ። ዑቕባዝጊ እጁን ይዞ ጎተተው፤ እኔ ነኝ ፋሻውን ያሰርኩት፣ እኔን ይውሰዱኝ ይላል። አስናቀች ሁለቱንም አየቻቸው። ለወንድሟ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነቱን የነገረው ሰው ይሄ እጁ ያበጠ ሰውዬ ብቻ ነው። እሱን ለእስር ሰጥታ፣ ሌላው በመኪናው ወደ ሩንዳ ሲመለስ ልታይ ነው? ወይስ ዝም ብላ ሁለቱም በነፃ ሲሄዱ?

ወደ ሐሊና ዞረች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

«ሻወር ውስጥ አንሸራቶት ወደቀ፣ በይው።»

ሐሊናን የዚያን ቀን ማንም ከሰጣት ቃል ሁሉ ይሄ ከበዳት። አስተርጓሚ የተባለውን ይናገራል እንጂ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ መሐላዋ ይሄ ነው። አሁን ግን የሰማችውን ሁሉ ልታስቀር ነው። የአስናቀችን ቃል ብቻ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ኢንስፔክተር ሙቲንዳ ፊቷን ትኩር ብሎ አየ፤ እሱም ሞኝ አይደለም። ቀጥሎ አቀርቅሮ ጻፈ። ገብረመድህን ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ፤ «ሳይሸነፍ ያለፈ ጀግና» ሲል ድምፁ ይሰማል።

አስናቀች ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስ የሐሊናን እጅ ያዘች።

«ያልኩትን በትክክል ነገርሽልኝ?»

«በትክክል» አለች ሐሊና፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ በሰው ፊት አለቀሰች።