የሰይዳ መቃብር ድንጋይ

መምህር ነጅሙዲን ሞቶ የተገኘው ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ በአሮጌው መስጊድ ፍርስራሽ ሥር ነበር። ጭንቅላቱ ተፈርክሷል፤ አጠገቡ ደም የነካው ድንጋይ ወድቋል። ጊዜው ጥር 1968 ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ግድግዳ ተንዶበት» ብሎ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሷል።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ በላይነሽ ድንጋዩን አገላብጣ አየችው።

«የግድግዳው ድንጋይ ሁሉ የተጠረበ ነው። ይኼ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ነው። ከወንዝ ወጥቶ ከግድግዳ ይናዳል?» አለችና ወረቀቱን ቀዳደደችው።

ሟቹ ከጅቡቲ ከተመለሰ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። የይፋት ሲራራ ነጋዴዎች በግመል ይወርዱበት የነበረውን የባሕር ዳርቻ ለማየት፣ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ከአዲስ አበባ በባቡር ሄዶ ነበር፤ እህቱን ሙሚናን፣ ሽማግሌውን ጋሼ ሸሪፍንና ነጋዴውን አብዱረዛቅን።

«ባሕሩን ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ» አለች ሙሚና እያለቀሰች። «በነጋታው ብቻውን ገበያ ወጥቶ ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ትናንት ጠዋት ‹ከነቀለበት ቦታ አቁሜ እጠይቀዋለሁ› ብሎ ወጣ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ደብተሩን አመጣች። አንድ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ተስሏል፤ ጠርዙ የተሸረፈ፣ «ሰይዳ» የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት። ከመጀመሪያው ሥር «መቃብሩ ላይ፣ የመሄጃችን ዋዜማ»፣ ከሁለተኛው ሥር «ጅቡቲ፣ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ» ይላል።

ሰይዳ የጋሼ ሸሪፍ ቅድመ አያት ናት፤ መቃብሯም እዚያው ፍርስራሹ ዘንድ ነው። ሽማግሌው ከጉዞው ወዲህ ወባ ጥሏቸዋል። በላይነሽ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች።

«መንገዱ እንዴት ነበር ጋሼ?»

«መልካም ነበር ልጄ። ከድሬዳዋ ወዲያ መቀመጫ ጠፋ። አብዱረዛቅ፣ አላህ ይስጠውና፣ የሽንኩርት ሳጥኑ ላይ አስቀመጠኝ። ባቡሩ ሲያንገጫግጭ የሰው ዕቃ ሁሉ ይንሸራተታል፤ ሳጥኗ ግን ንቅንቅ አላለችም።»

በላይነሽ ጥርሷን ነከሰች። ሽማግሌው ሲሻላቸው ሦስቱንም ፍርስራሹ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ድንጋዩ በዋዜማው እዚህ ነበር፤ እናንተ ስትደርሱ ጅቡቲ ሱቅ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ አብሯችሁ ነው የተጓዘው። ነጅሙዲንም ይህን አውቆ ሌባውን እዚህ ቀጥሮ ጠየቀው። አብዱረዛቅ፣ ሳጥንዎን ጅቡቲ ላይ ስንት ኩሊ አወረደልዎ?»

«አንድ።»

«አራት!» ጮኸች ሙሚና። «አራት ሰው እያቃሰተ! ሽንኩርት ነው ብለህ!»

«ሌላው ሁሉ አንድ ሻንጣ ነው የያዘው» አለች በላይነሽ። «የመቃብር ድንጋይ በሻንጣ አይገባም።»

አብዱረዛቅ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ፈነዳ።

«ድንጋይ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል? እሱ ነው እጄን ጨምድዶ ‹ሕዝብ ፊት አቆምሃለሁ› ያለኝ!»

«ስለዚህ ከወንዝ ድንጋይ ይዘህ ጠበቅኸው!» በላይነሽ ካቴናውን አጠለቀችበት። «ግድግዳ ገደለው እንዲባል!»

ጋሼ ሸሪፍ ተነሡ።

«እስከ ባሕር ድረስ... ቅድመ አያቴ ድንጋይ ላይ አስቀመጥከኝ?» በትራቸው ከፍ አለ። ሽማግሌው ግን በትሩን ቀስ አድርገው አወረዱና ወደ በላይነሽ ዞሩ።

«ሱቁ የት እንደሆነ ደብተሩ ይላል?»

«ይላል፣ ጋሼ።»

«ጻፊልኝ። ሄጄ አመጣታለሁ።»

«ብቻዎን አይሄዱም» አለች ሙሚና።

በላይነሽ የሱቁን አድራሻ ገልብጣ ለሁለቱም ሰጠቻቸው።