ቀድመው የደረሱት እንግዶች

ትርሲት ግንብ ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል የሚያዝበትን ፎርም ሞልታ «ላክ» የምትለዋን ስትጫን ኪሩቤል በስልክ እየሳቀባት ነበር። ያው ኪሩቤል ነው፣ ቢሾፍቱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አብሯት የሚሠራው፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳን ቀልድ ካልጨመረበት የማይሆንለት። «ለጎንደሬ ግንብ ልታሳዪ ስኮትላንድ ድረስ? እትዬ አስካለ እኮ ፋሲል ግንብ ሥር ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ያደጉ ናቸው» አላት። ሳቀችና ዘጋችበት።

ለቅንጦት ግን አልነበረም። የእናቷ የአስካለ ዓይን በግፊት እየጠፋ ነው፣ ሐኪሙም ከዓመት የዘለለ ተስፋ አልሰጣቸውም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ተራራ፣ ጉምና ሐይቅ ዳር የቆመ የድንጋይ ግንብ ሲያሳይ አስካለ ወደ አፏ ያስጠጋችውን ጉርሻ እዚያው አየር ላይ ይዛ «እዚያ ውስጥ የሚኖር ሰው ምን ይፈራል?» አለች። በቃ፣ ትርሲት ያቺን ቃል ይዛ ስድስት ወር ለቪዛ ተሯሯጠች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ዓይኗ ሳይጠፋ አሥር ቀን ብቻ፣ ተመትታበት በማታውቀው ቤት ውስጥ ሳትሳቀቅ እንድትተኛ።

ይሄኛው ቤት ውስጥ ያልተመታችበት ቦታ የለማ። የትርሲት አባት ደገፉ ወጥ ቤት ውስጥ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር አጋጭቷታል፣ ሳሎን ውስጥ ቀበቶውን በዘለበቱ በኩል ገልብጦ ገርፏታል፣ በረንዳው ላይ ደግሞ በበር መቀርቀሪያ መንጋጋዋን ሰብሮታል። አጥንቱ ጠምሞ ስለገጠመ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እህል ስታላምጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው፤ ትርሲት ክፍሏ ሆና እንኳን ትሰማዋለች። ደገፉ የሞተው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ትርሲት ትምህርት ቤት እያለች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ። ተንሸራቶ ነው ተባለ። ጎረቤት በገመድ ጎትቶ አወጣው፣ ተቀበረ፣ ቤቱም ጸጥ አለ።

አሁን ወደ ፎርሙ ልመልሳችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። የእኛ አገር ፎርም ይታወቃል፤ ሦስት ሳጥን ከተደረደረ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው፣ አእምሮህ ሌላ ቦታ ቢሆንም እጅህ ራሱ ይሞላዋል። ትርሲትም አንዱ ላይ ትርሲት፣ ሁለተኛው ላይ ደገፉ፣ ሦስተኛው ላይ ጓንጉል ብላ ሞላች። እናቷን ከታች «ተጨማሪ እንግዳ» የሚለው ላይ አስገባቻት። ያ ግንብ ግን ሦስቱን ሳጥኖች ያዘጋጀው ለሦስት ሰዎች ነበር።

በማግስቱ ሞራግ የምትባል የቤቱ ኃላፊ መልስ ላከች። እጅግ ትሑት ነች። ለአራት ሰው ክፍል ማዘጋጀታቸውን፣ የእሳት ምድጃው መጠረጉን፣ ከመስኮቱ ሐይቁ እንደሚታይ ጻፈች። ትርሲት ስህተቷ ገብቷት ብቻዋን ሳቀችና ማስተካከያ ላከች፤ የምንመጣው ሁለት ነን፣ ደገፉ አባቴ ነው፣ ጓንጉል አያቴ ነው፣ እኛ አገር ስማችን እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ ሁለቱም በሕይወት የሉም ብላ።

መልሱ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ደረሰ። ሞራግ ስለ ሐዘኗ አዝና፣ ሁለቱ ጌቶች ግን ትናንት ከሰዓት መድረሳቸውን ገለጸች። «ቤታችን አሮጌ ነው፤ እንግዶቻችንን እንዲህ ያለ ነገር አንጠይቅም» ይል ነበር መጨረሻው።

ኪሩቤል አጭበርባሪዎች ናቸው አላት። እሷም እንደዚያ ብላ ልትተወው ነበር፣ ሦስተኛው መልእክት ባይመጣ። ሞራግ ይቅርታ እየጠየቀች ነበር የጻፈችው። ረጅሙ ጌታ፣ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የሌለው፣ ከደረሰ ጀምሮ ከእጅጌው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለፈበት ምንጣፍ ሦስት ቀን አጠገቡ እሳት ቢነድም አልደረቀም፤ ክፍሉ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ውሃ ይሸታል። ትርሲት መድኃኒት መደርደሪያው ሥር ቆማ ደግማ አነበበችው፤ የአባቷን አውራ ጣት ጥፍር የነቀለው የመኪና በር ነበር፣ ያንን ደግሞ ለማንም ጽፋ አታውቅም። ያን ቀን ቤት ስትገባ ገና ፀሐይ ነው፣ የተሰጣው አንሶላ ዓይን እስኪያጨልም ያበራል፣ ግቢው ግን የጉድጓድ ጠረን ታፍኖበታል፤ የረጠበ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ገመድ፣ ደግሞ ከሥሩ አንድ የሚጣፍጥ የሚመስል፣ ቆይቶ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር።

እናቷ መልእክት ማንበብ አትችልም፣ ትርሲት ናት የምታነብላት። ምሳ እየበሉ ምን ጻፉ ብላ ስትጠይቃት በቀልድ ልታሳልፈው ፈለገችና አባዬ ቀድሞን ሄዷል ይላሉ አለቻት። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ቆመ። ከዚያ አስካለ የያዘችውን በእርጋታ ጨርሳ ዋጠችና ሌላ ጎረሰች፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ቀጥ ብሎ ይቆማል?» አለች። «ወይስ ወገቡ ተሰብሯል?»

ትርሲት ተነሥታ ውሃ ቀዳችላት።

ከዚያ ወዲያ መልእክቱ በየቀኑ ሆነ። ሰውየው ከንጋት እስከ ማታ መንገዱን በሚያሳየው መስኮት ቆሞ ይውላል። የሚናገረውን ማንም አይገባውም፣ አንዲት ቃል ብቻ ለይተዋል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ መንገዱ እየጠቆመ «አስካለ?» ይላል። ሽማግሌው አብሮት ነው፣ አይናገርም፣ የአልጋ እግር እየነቀለ ይሰጠዋል። ሁለቱም ዕቃ ይሰብራሉ፤ ቁም ሣጥን፣ ወንበር፣ የመቶ ዓመት ጠረጴዛ፣ እንጨት በእንጨት ላይ ሲፈልጡ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። ማክሰኞ ዕለት ምግብ ይዞ የሄደው የፈረስ ጠባቂ በሩን ገፋ ሲያደርግ ደገፉ ከውስጥ በሙሉ ክብደቱ በሩን መልሶ ዘጋበት። የጠባቂው እጅ መሐል ነበር። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የጮኸው ይላል ጽሑፉ፤ ሁለት ጣት ከውስጥ ቀረ፣ እስካሁን ማንም ገብቶ አላነሣውም።

ረቡዕ ሞራግ ልታረጋጋው ሄደች። አሳዝኗት ነው፣ ሚስቱን የናፈቀ መስሏት። የምትደርስበትን ቀን ልትነግረው በምልክት፣ በፈገግታ፣ «አስካለ፣ ዓርብ» አለችው። የመስኮቱን ብረት ነቅሎ ፊቷን መታት። ወድቃም መታት። ይህንን የጻፈው ሂዩ የሚባል ወንድሟ ነው፤ መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ጥርሶቿን ከምንጣፉ ላይ ውሃ ውስጥ ፈልገው ለቀሙ፣ አሁን በቀጭን ቱቦ ሾርባ ትጠጣለች።

ትርሲት መንጋጋ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነላት። እናቷን እየጠበቃት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆ፣ እናቷን የምታሳርፍበትን አንድ ቦታ ቀድሞ ይዞባት፣ ክንዱን እያሟሟቀ ነው። በገዛ እጇ ጠራችው፣ በገዛ እጇ አድራሻ ሰጥታው።

አስካለ ሻንጣው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ ሹራብ ታጥፋለች። ትርሲት ሁሉንም ነገረቻት፣ ጣቱንም፣ ጥርሱንም ሳትደብቅ፣ እንድትፈራና እንድትቀር ብላ። እናቷ እያዳመጠች የሹራቡን እጅጌ በመዳፏ ታለሰልሳለች።

«በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወደ ውጭ?» አለች።

ያው የድሮው ፍርሃት ነው አለች ትርሲት በልቧ፣ ይቺ ሴት የገባችበትን ክፍል ሁሉ በመሸሺያው ስትለካ ኖራለች። አቀፈቻት። አንሄድም እማዬ፣ ሌላ አገር እንሄዳለን፣ ባሕር ዳርም ቢሆን አለቻት። አስካለ ግን ከእቅፏ ቀስ ብላ ወጣች።

«እንሄዳለን» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ትርሲት ከእሷ ሰምታ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት፣ በረራው በዚያው ቀን ማታ ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሻንጣው ላይ ተኝታለች፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል፣ ጠረኑ ግን አሁን ከግቢው አልፎ ትራሱ ውስጥ ሁሉ ገብቷል። የሂዩ የመጨረሻ መልእክት መጣ። ትርሲት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍታ፣ እናቷ ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን እያበጠረችላት፣ እያነበበች ጮክ ብላ መተርጎም ጀመረች።

እህቴ ተሳስታ ነበር ይላል፣ ሁላችንም ተሳስተናል። ትናንት በመስኮቱ በኩል አየሁት። የሰበሩትን ዕቃ ሁሉ በሩ ላይ ከምረውታል፣ እስከ ጣሪያ ድረስ፣ ሽማግሌው ከሥሩ ተጋድሞ በእግሩ ይደግፈዋል። አባትሽ ሲያየኝ ተንበረከከ። ጫማዬን የሚያገኝ ይመስል ግንባሩን ከወለሉ ጋር እያጋጨ «አስካለ» ይላል፣ ወደ መንገዱ ይጠቁማል፣ ከዚያ በሁለት እጁ «አይሆንም፣ አይሆንም» ይላል። ደም እስኪወርደው። ሚስቱን እየጠበቀ አይደለም። እንዳናስገባት እየለመነን ነው።

ትርሲት እዚህ ላይ ንባቡን አቋረጠች። ማበጠሪያው አልቆመም፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች።

«ጨርሺዋ» አለች እናቷ።

«እማዬ... ለምንድን ነው የሚፈራሽ?»

አስካለ አንድ የተቋጠረ ፀጉር በጣቷ ፈታች።

«ልገፋው አላሰብኩም ነበር። ውሃ ሊቀዳ ጎንበስ ሲል ወገቡን አየሁትና እጄ ሄደ» አለች። «ውስጥ ገብቶ እንኳን ሰደበኝ። ከዚያ ክዳኑን ገጠምኩት፣ ላዩ ላይ ተቀመጥኩና ምስር ለቀምኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስሜን ጠራ። አስካለ፣ አስካለዬ። አግብቶኝ ሲኖር በስሜ የጠራኝ ያን ቀን ብቻ ነው።»

የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ቀየረ። ትርሲት አንገቷን ማዞር አቃታት፤ የእናቷ ጣቶች ማጅራቷ ላይ ሞቃት ናቸው፣ የሚያባብሉ፣ ልጅ ሆና ስታለቅስ የዳበሷት ያው ጣቶች።

«እኔ እኮ አልቋል ብዬ ነበር ልጄ» አለች አስካለ። «ቆሞ ከሄደ ግን አላለቀማ። ምን ይላል ቀሪው?»

ቀሪው ሁለት መስመር ነው። ዛሬ ከተነሣችሁ መጥረቢያና የክፍሉን ቁልፍ ለወይዘሮዋ እንሰጣታለን፣ እኛ ከሰው ነገር አንገባም ይላል። መምጣታችሁን ከሰረዛችሁ ደግሞ የደረሱትን እንግዶች በቤቱ ደንብ መሠረት ፎርሙ ላይ ወዳለው አድራሻ፣ ቢሾፍቱ፣ ዛሬውኑ እንመልሳቸዋለን። ከሥሩ የሚጫኑ ሁለት ምርጫዎች አሉ፣ «እንመጣለን» እና «ይሰረዝ»።

አስካለ ሁለቱንም ካዳመጠች በኋላ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወደ ግቢ ወጣች። ወዲያው የጉድጓዱ የብረት ክዳን ሲሚንቶው ላይ እየተፋቀ ሲጎተት ተሰማ፣ ቀስ እያለ፣ ለእንግዳ ክፍል እንደሚያዘጋጅ ሰው ሳትቸኩል፤ ከዚያ ድምፁ ቆመና በመስኮቱ በኩል ለእሷ የትኛውም እንደሚስማማት፣ ልጇ ደስ ያላትን እንድትጫን ነገረቻት፤ እስቲ እናንተ ብትሆኑ የቱን ትጫኑ ነበር?