በቀትር የረገፈ ቅጠል

የፋንታ አስከሬን ከድርቆሹ ሥር ሲወጣ፣ ከሞጣ የተጠራችው መርማሪ ንጋት ያስተዋለችው ደረቱን ነው። ደቃቅ አረንጓዴ ቅጠል እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል።

ሽማግሌው ከብቸና ወጣ ባለው የበግ ማርቢያ ስድስት ዓመት ብቻውን ኖረ። ለግማሾቹ በጎች የሣር፣ ለግማሾቹ ማገጥ ከሚባለው ቅጠላም ተክል የተሠራ ድርቆሽ እያበላ በየሳምንቱ ይመዝናቸው ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ መርማሪ እስኪደርስ ግን አልተነሳም። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ፖሊሶቹ የእህቱን ልጅ ሀብትነሽን በካቴና ይዘዋታል።

«ትናንት ማለዳ አብራው ድርቆሽ ስታስገባ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አለ የማርቢያው ባለሙያ ዳምጤ።

«አርጅተሃል፣ ሞጣ እኔ ጋ ና ብዬው ነው!» አለች ሀብትነሽ። «እምቢ ሲለኝ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ።»

ንጋት ወደ ዘበኛው ዞረች። «ጋሽ አለበል፣ ቀኑን ሙሉ ማንም አልፈለገውም?»

አለበል አቀረቀረ። «ማን ይፈልገዋል ልጄ? ወሬው ከበጎቹ ጋር ነው። ሲመዝን ቁጥሩን ሁለቴ ይጠራል፤ የሚሰማው ሰው የለ!»

ንጋት ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«በጉን የሚያወፍረው የማገጡ ቅጠል ነው። ጋሽ አለበል፣ እርስዎ መቼ ነው የሚከምሩት?» አለች።

«በጠል ነዋ! ፀሐይ ከበረታማ ቅጠሉ ረግፎ አገዳ ታቅፊያለሽ።»

«ፋንታና ሀብትነሽ ማለዳ ያስገቡት ያው፣ ጥጉ ላይ ከነቅጠሉ አለ። ፋንታ ላይ የተከመረው ግን ባዶ አገዳ ነው፤ ቅጠሉ እየረገፈ በቀትር ከግቢ የገባ። የመጀመሪያው መኪና ሾፌር ሀብትነሽን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞጣ አውርዷታል። ጋሽ አለበል ደግሞ ሰው ቢገድሉ እንኳ ማገጥ በቀትር አይነኩም።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አለበል።

«ከግቢው ሰው የቀረኸው አንተ ነህ፣ ዳምጤ።»

«እኔ ባለሙያ እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም! ድርቆሽ ነክቼ አላውቅም!»

«ስለዚህ ነዋ ቅጠሉ በቀትር እንደሚረግፍ ያላወቅከው። ያንኑ የትናንቱን ጃኬት ለብሰሃል፤ ኪሱን ገልብጥ።»

አረንጓዴ ዱቄት መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ፋንታ በጎቹን ሲመዝን ሳልገኝ ክብደታቸውን ከራሴ ፈጥሬ ሪፖርት ላይ ጻፍኩ። እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት፤ ከግድግዳው ድንጋይ ጋር ተላተመ» አለ ዳምጤ።

ካቴናው ከሀብትነሽ እጅ ተፈቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። ንጋት የሞጣው መኪና እንዳያመልጣት ሰዓቷን አየች። ሀብትነሽ ግን ወደ ቤት አልሄደችም፤ አንዱን በግ ጎትታ ሚዛን ላይ አወጣች።

«የሚመዝንበት ቀን ዛሬ ነው» አለች። «ሃያ ሁለት ከግማሽ።»

ንጋት ከሚዛኑ አጠገብ የፋንታን እርሳስ አነሳች።

«ሃያ ሁለት ከግማሽ» ብላ ደገመች።