እማዬ ስትነዳ ብቻ

«እማዬ፣ አሁን ነዳጅ መስጫውን ርገጪው። ግን ቀስ!»

ልጅቷ በተከፈተው የመኪናው ኮፈን ላይ አጎንብሳ ዓይኗን ከቮልት መለኪያው ከቴስተሩ መርፌ አልነቀለችም። ቴስተሩን የተዋሰችው ከፊዚክስ አስተማሪዋ ነው። የመኪናው ቁልፍ ዞሯል፣ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ሽቦዎቹን ያገናኘችው ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ ለሞተሩ ከሚናገረው ትንሽ ሴንሰር ጋር ነው።

እናቷ መንዳት ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። እሷ ስትይዘው መኪናው ስቅታ እንደያዘው ሰው ይንገጫገጫል፤ አባቷ ሲይዘው ግን ጸጥ ብሎ ይሄዳል። «ችግሩ የመኪናው አይደለም» ይል ነበር አባቷ እየሳቀ። ልጅቷም አላረፈችም፤ እንግዳ በሞላበት ሳሎን «ከእማዬ ጋር ከምሄድ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ብላ ቤቱን ሳቅ በሳቅ አደረገችው። እናቷም አብራ ሳቀች። በማግስቱ ግን ቁልፉን ለአባቷ አስረከበች። ያ ሳቅ እስካሁን ልጅቷን ያንገበግባታል።

መርፌው ከግማሽ ቮልት ተነስቶ ቀስ በቀስ ወጣ። አንድ ቮልት ላይ ሲደርስ ድንገት ዜሮ ላይ ወደቀና እንደገና ብድግ አለ።

«ድገሚው!»

ደገመችው። እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ።

አባቷ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። «እስቲ እኔ ልሞክር» አለ። እናቷ ወርዳ ከልጅቷ ጎን ቆመች፤ እሱ ገባና ርግጥ አደረገው። መርፌው ሽቅብ ተወነጨፈ።

«አልወደቀም» አለች እናቷ ቀዝቀዝ ብላ።

«እኔ አላልኩም?»

«አባዬ፣ ሴንሰሩ የተበላው መጀመሪያው ላይ ነው። አንተ በኃይል ስለምትረግጠው ዘለህ ታልፈዋለህ። እስቲ እንደ እማዬ ቀስ በል።»

ቀስ አለ።

«ወደቀ!» እናቷ ጮኸች። «እዩት፣ ወደቀ!»

አባቷ ከመኪናው ሳይወርድ ፎጣውን ከአንገቱ ላይ አወረደ። «የመኪናውን ጥፋት አንቺ ላይ አላከክሁት» አለ ለሚስቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወደ ልጁ ዞሮ «ሴንሰሩ ማክሰኞ ይቀየራል። እስከዚያ ትምህርት ቤት እኔው አደርስሻለሁ» አላት።

«አይ፣ እስከዚያ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች ልጅቷ። «ከተቀየረ በኋላ እማዬ ታደርሰኛለች።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ያልኩት… ይቅር በይኝ።»

እናቷ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ቁልፉን ነቀለችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።