አምስት አምፔር በተቆረጠ ሽቦ ላይ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። አሁንም አላምንም፣ መጀመሪያ እዚህ ላይ እንግባባ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የማስተምር ሴት ነኝ፣ ተማሪዎቼ ሰይጣን አለበት ስለሚባል ቤት ሲያወሩ ስሰማ “በስንት ቮልት ነው የሚሠራው?” እያልኩ የማሾፍ ነኝ። ይህን የምነግራችሁም እመኑኝ ብዬ ልለምናችሁ አይደለም፣ ካላመናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ግን ሰው ደስ ይበለው ብዬ ያየሁትን አላየሁም አልልም።

አንኮበር ያሉት አክስቴ እትዬ ብርቄ ደወሉልኝ። ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ዘነቡ ለምትባል፣ ከወለጋ ተፈናቅላ ለመጣች ሴት አከራይተዋታል፣ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ስትገባ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳትሰካ ተነግሯት እሺ ብላ ነበር፣ አሁን ግን ብሬከሩ በየቀኑ እየወረደ አስቸግሯል፣ አክስቴም ምድጃ ደብቃለች ብለው ቆርጠዋል። መጥተሽ በመሣሪያሽ ለክተሽ አረጋግጪልኝና ዛሬውኑ ትውጣልኝ አሉኝ።

የዚያኑ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደረስኩ። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ግቢውን ሞልቶታል፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አምፔር መለኪያዬ እንደ ጉጠት አፉን ከፍቶ ሽቦ የሚያቅፍ ዓይነት ነው፣ ወደ ጓሮዋ ክፍል ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን አሳቀፍኩት፣ አምስት አምፔር። ቮልቴጁን ለካሁ፣ ሁለት መቶ ሃያ። ሂሳቡ የልጅ ሂሳብ ነው፣ ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉት ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ጅረቱን የሚገታው ተቃውሞ፣ አርባ አራት ኦም፣ ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙት ፓወሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት፣ ይህ ደግሞ የምድጃ እንጂ የአምፖል ጉልበት አይደለም። አፌን ሞልቼ ምድጃ ነው አልኩ፣ ሂሳብ አይዋሽም አልኩ። እትዬ ብርቄ መቼ ሌላ ጠብቀው፣ የዘነቡን ፍራሽ ጎትተው ደጅ ጣሉት።

“ፈትሹ” አለች ዘነቡ። አልለመነችም፣ አላለቀሰችም።

ፈተሽን። ልብስ የታጨቀበት አንድ ማዳበሪያ፣ ሁለት ድስት፣ ልጁ የተኛበት ብርድ ልብስ፣ ጣሪያው ላይ አንድ አምፖል፣ እሱም ጠፍቷል። ሶኬቱ ላይ የተሰካ ነገር የለም። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ፍርሃት ገና አልመጣም፣ የመጣው ንዴት ነው፣ ቁጥር ሲያሾፍብኝ አልወድም። ብሬከሩን አወረድኩና ሁለቱንም ሽቦዎች ከክፍሏ ደጃፍ ላይ በፒንሳ ቆረጥኳቸው፣ ጫፋቸውን ለየብቻ አየር ላይ አንጠልጥዬ ብሬከሩን መለስኩት። ጫፉ የትም ያልደረሰ ሽቦ ከሆነ ሬዚስታንሱ ማለቂያ የለውም፣ አምፔሩ ዜሮ ነው፣ አለቀ። መለኪያውን አሳቀፍኩት፣ አምስት ይላል። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ አምስት።

ይሄኔ ውስጥ ልጁ አለቀሰ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ላይ ቆመ። ሬዚስታንሱ በግማሽ ወርዶ ሃያ ሁለት ኦም፣ ፓወሩ እጥፍ ሆኖ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት፣ ጭንቅላቴ ሳላዘው ያሰላል። ከክፍሏ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ትራንስፎርመር ሥር ስትቆሙ የምትሰሙት ዓይነት እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እየጎላ ይሄዳል። ልጁ ዝም ሲል ድምፁ ረገበ፣ ቁጥሩም ወርዶ አምስት ላይ ተቀመጠ። ክው አልኩ።

ገባሁ። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ውስጡ ሽቦ የለውም። ሦስቱን ወገን ብዳስሰው በረዶ ነው፣ ልጁ የተጠጋው በኩል ግን ይሞቃል፣ አሁን ሰው ተኝቶበት እንደተነሳ አልጋ። ዘነቡን ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

“ከገባን ጀምሮ ይሞቃል” አለችኝ። “በዚህ ብርድ የሚሞቅ ግድግዳ ተገኝቶ ማን ከየት መጣህ ይለዋል?”

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ ለአክስቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ምድጃ የለም፣ ቅድም ቸኩያለሁ አልኩ፣ የሚበጃት መስሎኝ። እትዬ ብርቄ አማተቡ። ምድጃ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ይሄማ ይዛው የመጣችው ነገር ነው፣ ከነልጇ እዚህ ግቢ አታድርም አሉ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ግድግዳውን ዳስሰውት ያውቃሉ ወይ ብዬ ሞገትኩ፣ ማን ሰምቶኝ። ደሜ ፈላ። በእኔ ቁጥር የተከሰሰች ሴት መልሳ በእኔው ቁጥር ጎዳና ልትወጣ ነው። ፍራሹን ከመሬት አንስቼ ጠቀለልኩት።

“እንግዲያው እኔ ቤት ታድራለች” አልኳቸው። “የሚከተላት ካለም ይምጣ፣ አልፈራውም።”

አፍ ላይ ሲሉት ቀላል ነው።

ይኸው እናትና ልጅ እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ናቸው። የእኔ ቤት ብሎኬት ነው፣ ልጁን በመስኮቱ በኩል አስተኛነው፣ የመጀመሪያውን ሰሞን ሁሉ እየሄድኩ ግድግዳውን እዳስሳለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በልቤ እሰይ እላለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስገባ ዘነቡ የልጁን እርጥብ ጨርቆች ግድግዳው ላይ ዘርግታ ስታደርቅ አገኘኋት። እጄን ከጨርቆቹ አጠገብ አሳረፍኩ፣ ይሞቃል።

ወሬው ከአንኮበር ተነስቶ እዚህ ጎረቤቶቼ ዘንድ ደርሷል፣ አስወጪያት የሚለኝ አልጠፋም። አላስወጣትም። የልጁ ጉንጭ ሞልቷል፣ ለእኔ ይበቃኛል፣ ያለ ምንጭ ፓወር የለም ብዬ ዛሬም አስተምሬ መጥቻለሁ፣ ነገም አስተምራለሁ። አምፔር መለኪያውን ግን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ማምጣት ትቻለሁ። ሌሊት ልጁ ሲነቃም ከእናቱ ቀድሜ ብድግ የምለው እኔ ነኝ፣ ግድግዳው እምምም ማለት ሳይጀምር ላባብለው።