ለስንዴ መስሏቸው

«እንዳትረሺን ታዲያ!» አለች ሰምሃር፣ ሁለት የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ፊርዶስ ጭን ላይ ጣል አድርጋ። «ይሄ የእናቴ ነው፣ ይሄ የኔ። ባለፈው ስንዴ ሲታደል ግቢው ሁሉ ተጽፎ እኛ ብቻ ቀርተን እናቴ ስንት ቀን እንዳኮረፈች ታውቂ የለ?»

ፊርዶስ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ቅጹን ከደብተሯ ጀርባ ላይ ዘርግታ እየሞላች ነበር። ስክሪብቶዋ አራተኛው መስመር ላይ ቆመ። ቀና ስትል ሰምሃር ፈገግ ብላለች፤ ጫፉ የተሸረፈው የፊት ጥርሷ ይታያል።

«እሺ» አለቻት።

«ጀለስ!» ብላ ሰምሃር ትከሻዋን መታ አደረገቻትና ወደ ጓሮ፣ ወደ ኋለኛዋ ክፍል እየዘለለች ሄደች። ፊርዶስ ፎቶ ኮፒዎቹን ቅጹ ስር ሸጎጠቻቸው። ዝርዝሩ የስንዴ አልነበረም፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

ሰምሃር ብትሳሳት አይፈረድባትም። መቀሌ ውስጥ ከጦርነቱ ወዲህ አንድ ሰው ወረቀትና ስክሪብቶ ይዞ በየግቢው ከዞረ ነገሩ እርዳታ ነው። ስንዴ ነው፣ ዘይት ነው፣ ቢበዛ ብርድ ልብስ ነው። የተጻፈ ይበላል፣ ያልተጻፈ የጎረቤቱን ጆንያ እያየ ይውላል። ስለዚህ «ስም እየተጻፈ ነው» ሲባል እናቶች ሊጥ ከእጃቸው ሳይታጠቡ እየሮጡ ይወጣሉ። የሰምሃርና የእናቷ ስም ደግሞ እንደዚህ ባለ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ኤርትራውያን ስደተኞች ናቸው፣ «የእናንተ በሌላ በኩል ነው» ይባላሉ፤ ያ ሌላ በኩል የት እንደሆነ ግን የሚያሳያቸው አላገኙም።

ይህን ወረቀት ሰኞ ከሰዓት ከሰፈር ስብሰባ ይዘው የመጡት አከራያቸው አቦይ ኣረፋይነ ናቸው። ፊርዶስን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ጓለይ፣ የአንቺ እጅ ጽሑፍ ያምራል። በየክፍሉ ያለውን ሰው ጻፊልኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ዜግነት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ መታወቂያው የሚያበቃበት ቀን። ሐሙስ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል።»

«ለምንድነው፣ አቦይ?»

አቦይ ኣረፋይነ ጢማቸውን አሹ። በስብሰባው የተነገራቸውን በአጭሩ ነገሯት። ወረቀታቸው ያልታደሰ የውጭ ዜጎች ተለይተው ሌላ ክልል ወዳለ የስደተኞች ካምፕ ይወሰዳሉ። የደበቀ አከራይ ይጠየቅበታል።

«ታዲያ እነ ሰምሃር...»

«ለነሱ አሁን ምንም አትበያቸው። ሰው ይሸበራል። ዋሺ አላልኩሽም፣ ተናገሪም አላልኩሽም። አንቺ ዝም ብለሽ ያለውን ጻፊ።»

ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ናቸው። የከበዳቸውን ነገር ለልጅ ሲያሸክሙ «እጅሽ ያምራል» ይላሉ። ፊርዶስም ሰኞ ዕለት በሙገሳው ትንሽ ደስ ብሏት ነበር፤ አሁን ትዝ ሲላት ራሷን ታዘበች።

ሰምሃርና እናቷ አደይ ሰናይት ድንበር የተሻገሩት ሰምሃር ስምንት ዓመቷ ሳለ ነው። የነበሩበት ካምፕ በጦርነቱ ሲፈርስ በእግራቸው መቀሌ ገቡ። አደይ ሰናይት ሹሩባ ትሠራለች፤ የፊርዶስንም ፀጉር በየእሑዱ የምትሠራት እሷ ናት። የስደተኛ መታወቂያቸው ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለማሳደስ ወደ ተመዘገባችሁበት ካምፕ ሂዱ ይባላሉ፣ ካምፑ ደግሞ የለም።

* * *

በማግስቱ ረቡዕ ፊርዶስ ክፍል ውስጥ ወሬው ይኸው ነበር። ሰምሃር ሌላ ሴክሽን ስለሆነች አልሰማችም። ከፊርዶስ ኋላ የሚቀመጠው አቢ በእረፍት ሰዓት ዴስኩ ላይ ወጥቶ እግሩን እያወዛወዘ፣ «በኛ ሰፈርም ጀምረዋል» አለ። «ደግ አደረጉ! የቤት ኪራይ የተሰቀለው በነሱ ነው።»

«በነሱ ብቻ?» አለች ፊርዶስ።

«አቦ አትፈላሰፊብኝ! ወረቀት የለህም? ትሄዳለህ። በቃ። ዓረብ አገርም፣ የትም አገርም እንደዛው ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«እኔ ምን አገባኝ?» ብሎ ከዴስኩ ወረደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜን የገደሉት የማን ወታደሮች እንደሆኑ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። መርዶው የመጣ ቀን ከእናቷ ጋር እነ አቢ ቤት ሄዳ ነበር። አቢ ያን ቀን አላለቀሰም፤ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ጫማ ሲያስተካክል ዋለ።

«ሰምሃር እኮ ከነዚያው ሰዎች ሸሽታ ነው የመጣችው» አለችው ቀስ ብላ።

አቢ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ክፉ ናት አላልኩም። ይሂዱ ነው ያልኩት።»

ልትናደድበት ፈለገች፣ አልቻለችም። ባለጌ ወይም ጨካኝ ቢሆን እንዴት በቀለላት! ልጁ ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ መርጦ ሳንድዊቹን ሁልጊዜ ለሁለት ቆርሶ የሚሰጣት ልጅ ነው።

* * *

የዚያን ዕለት ማታ አባቷ አብዱልወዱድ ከገበያ ቀደም ብሎ ገባ። ሰልባጅ ነው የሚሸጠው፤ ልብሱን በትልቅ ማዳበሪያ ጠቅልሎ ጥግ ላይ አስቀመጠና እጁን ታጥቦ ከእናቷ ከዓፊፋና ከፊርዶስ ጋር ቀረበ። ፊርዶስ ጥቂት ከጎረሰች በኋላ ነገሩን ዘረገፈችው። ሁለቱን ፎቶ ኮፒዎችም አሳየችው።

«ጻፊያቸው» አለ አባቷ፣ ቀና ሳይል።

«አባ!»

«የኔ ልጅ፣ ሕግ ነው። እኛ ራሳችን እዚህ ምንድን ነን? የወሎ ሰዎች ነን፣ ቤታችን ውስጥ አማርኛ ነው የምናወራው። አላህ ይስጣቸውና እስከ ዛሬ ማንም ክፉ አልተናገረንም። ነገ ግን ከዚህ ግቢ ሰው ተደብቋል ቢባል፣ ወረቀቱን የጻፈችው ደግሞ የአብዱልወዱድ ልጅ ናት ቢባል፣ መጀመሪያ ወደ ማን የሚታይ ይመስልሻል?»

«እነሱ ግን ለስንዴ መስሏቸው እኮ ነው የሰጡኝ!»

አባቷ እጁን ከትሪው ላይ ሰበሰበ። ጂዳ ላይ እንዴት እንደተያዘ ለፊርዶስ ነግሯት አያውቅም፤ እሷም የምታውቀው በሦስት ዓመቷ አንድ የማታውቀው ሰው ባዶ እጁን መጥቶ «አባትሽ ነው» መባሏን ነው።

«እኔም ያለ ወረቀት ነበርኩ» አለ። «አራት ዓመት የሰው መኪና አጠብኩ። አገሩ አገራቸው ነው፣ ሕጉም ሕጋቸው፣ አልቀየምም። ፖሊሶቹ የመጡ ቀን ከበላያችን ባለው ጣራ ላይ ተደብቀን ነበር። አያገኙንም ነበር። ከታች ያለው ክፍል ውስጥ የኛው አገር ሰው ነበር፣ ጎረቤቴ፣ እሱ ጣቱን ቀሰረብን። ምን ያድርግ? አስፈራርተውታል። ልጆች ነበሩት።»

«ይቅር አልከው?»

«ምን ይቅር የምለው ነገር አለ? በሳምንቱ እሱንም ወሰዱት አሉ።»

«ስሙን ታስታውሰዋለህ?»

«ጀላሉ ሙሐመድ ይመር» አለ አባቷ፣ ሳያስብ።

አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። የገዛ አክስቱን ልጆች ስም እያምታታ እናቷን የሚያስቃት ሰው፣ የዚያን ሰው ስም እስከ አያቱ በአንድ ትንፋሽ ጠራው። ምን እንዳለ እሱም የገባው ዘግይቶ ነው። ዓፊፋ ትሪውን አንስታ ወጣች። አባቷም ሊሰግድ ተነሣ።

ፊርዶስ ያለችበት ተቀምጣ ቀረች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሰምሃር ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰው፣ «ፊርዶስ አብዱልወዱድ» ብላ ስትናገር ታያት። ፎቶ ኮፒዎቹን አነሣችና ወጣች።

* * *

በሩን የከፈተችላት ሰምሃር ናት። አደይ ሰናይት አልጋው ላይ ተቀምጣ የሹሩባ ማበጠሪያዎቿን በጨርቅ ትወለውላለች።

«ጻፍሽን?» አለች ሰምሃር።

«አልጻፍኳችሁም።» ፊርዶስ ወረቀቶቹን ዘረጋችላት። «ዝርዝሩ የስንዴ አይደለም።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ካምፑን፣ ሌላውን ክልል፣ ሐሙስ ጠዋትን። በትግርኛ ጀምራ መሃል ላይ አማርኛ ውስጥ ገባች፣ እንደገና ተመለሰች። ስትጨርስ ሰምሃር ፈገግታዋ ገና ከፊቷ ላይ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ!» አለች ሰምሃር። «ትናንት እኮ ወረቀቱን ስሰጥሽ እሺ አልሽኝ። ዓይኔን እያየሽ!»

«ሰምሃር...»

«እሺ አልሽኝ!»

እውነት ነው፣ ፊርዶስ ብላታለች። ሰምሃር ወረቀቶቹን ከእጇ ስትነጥቃት አንደኛው ጫፉ ተቀደደ።

«ተዪያት» አለች አደይ ሰናይት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብዙ የተጓዘ ሰው ድምፅ ነው። ማበጠሪያዎቿን አንድ በአንድ ቆጥራ ከረጢት ውስጥ ከተተች። «ሐሙስ ነገ ነው፣ አይደል?»

«አዎ። የት ትሄዳላችሁ?»

«እሱን አትጠይቂኝ፣ ጓለይ። ካላወቅሽው አትጠየቂበትም።» ከዚያ ተነሥታ የፊርዶስን ግንባር ሳመቻት። «የቐንየለይ። ስለነገርሽን።»

ሰምሃር አላመሰገነችም። ፊርዶስ እስክትወጣ ጠብቃ በሩን ዘጋች፤ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ። ፊርዶስ ጓሮው ውስጥ ቆማ እንባዋ መጣ። ይህን ሁሉ ያደረገችው ለሰምሃር ነበር፣ አሁን ግን ሰምሃርን ያጣቻት መሰላት።

* * *

ሐሙስ ጠዋት አቦይ ኣረፋይነ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ በረንዳው መጡ። ቅጹን ተቀብለው ከፊታቸው አርቀው አነበቡት። የፊት ክፍሎች ሁሉ በሚያምር ጽሑፍ ተሞልተዋል። «የኋላ ክፍል» ከሚለው ቀጥሎ ምንም የለም።

«ይሄስ?»

«እሱን አልጻፍኩትም፣ አቦይ።»

«ሕራይ፣ አሁን ጻፊዋ! ሰዎቹ ታች ግቢ ደርሰዋል እኮ።»

ፊርዶስ ስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው። «እርስዎ ይጻፉት።»

ሽማግሌው ስክሪብቶውን አዩት፣ እሷን አዩዋት። የተቆጡ መሰሏት፤ ግን ያፈሩም ይመስላሉ፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም። «እኔማ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጓለይ። አንቺ...»

«ቀስ ብለው ይጻፉት። እስኪጨርሱ ወረቀቱን እይዝልዎታለሁ።»

ከኋላዋ በሩ ተከፈተ። አባቷ የሰልባጁን ማዳበሪያ ተሸክሞ ለገበያ ሊወጣ ነው። ምን እየሆነ እንደሆነ በአንድ እይታ ገባው።

«ፊርዶስ!»

«አቤት፣ አባ» አለች። አልዞረችም። አባቷ ቢቆጣት እንደምታለቅስ ታውቃለች፤ እያለቀሰችም ቢሆን እንደማትጽፍ ደግሞ አሁን ገና አወቀች።

አባቷ ማዳበሪያውን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆመ። ከጓሮ አንድ ከባድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ሰሙ፤ ሻንጣ ይሆናል ወይም ፍራሽ። ሦስቱም ሰሙት፣ ማንም ምንድነው ብሎ አልጠየቀም።

አቦይ ኣረፋይነ ስክሪብቶውን ተቀበሏት። ጎንበስ አሉና ጫፉን ከባዶው መስመር ላይ አሳረፉት፤ አንዲት ትንሽ ነጥብ ወጣች፣ ከዚያ እጃቸው ቆመ። ፊርዶስ ወረቀቱን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ ጠበቀቻቸው።